ከምርጫው በፊት ስለ ወላጆቻችንም እንጠይቅ

በሰሜን ቨርጂኒያ በተዘጋጀ የማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፣ ኦክቶበር 2024

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

ከናይት ሺፍት ወጥታችሁ ሳትተኙ የመጣችሁ እንዳላችሁ ፊታችሁ ይናገራል። ከዚህ ወጥታችሁ ሥራ የምትገቡም አላችሁ። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

አዘጋጆቹ አንድ ነገር አደራ ብለውኛል። አዳራሹ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ሕጉ ከዚህ መድረክ ላይ «እገሌን ምረጡ» ማለትን አይፈቅድም። እኔም አልልም። ግን አንዲት መራጭ ስለ ሁለቱ የፕሬዚዳንት ተወዳዳሪዎች፣ ስለ ሃሪስና ስለ ትራምፕ፣ የሚሰማትን ብትናገር ነውር የለውም። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። በአንድ ነርሲንግ ሆም፣ በአዛውንቶች መጦሪያ፣ የነርስ ረዳት ነኝ። ዜግነት ካገኘሁ ወዲህ ድምፅ ሳልሰጥ ያለፈኝ ምርጫ የለም።

በእኛ መካከል የፕሬዚዳንት ምርጫ ወሬ ሲነሣ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ 2020ን ያነሣል። ትራምፕ ያኔ ስለ ሕዳሴ ግድብ ሲናገሩ፣ ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ማለታቸውን ያስታውሳል። ሌላው ቶሎ ብሎ 2021ን ይመዝበታል። ባይደን በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሳቢያ በሴፕቴምበር የማዕቀብ ትእዛዝ ፈረሙ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ዕቃ ከምትልክበት ከአጎዋ እንድትወጣ ተደረገች። በዚያው በ2021 በተደረገው የቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ ብዙ ወገኖቻችን ተቆጥተው ድምፃቸውን ለሪፐብሊካኑ ያንግኪን ሰጥተዋል።

ያ ቁጣ ከንቱ ነበር አልልም። ዘመድ የቀበረ፣ ከቤተሰቡ ጋር ስልክ ተቋርጦበት ወራት የከረመ ሰው እዚህ መካከላችን ተቀምጧል። በዚያ ጦርነት ላይ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ እንኳ አንድ ሐሳብ የለንም። ግን ስንሰለፍ፣ ስንደውል፣ ስንመርጥ ፖለቲከኞቹ መኖራችንን አወቁ። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የሀገር ቤቱን ጉዳይ ስንጠይቅ ድምፃችን ይሰማል። እዚህ ሳምንቱን ሙሉ የምንኖረውን ኑሮ ግን ማንንም አንጠይቅም።

እስቲ እናት ወይም አባት ያመጣችሁ እጃችሁን አውጡ። እሺ፣ አውርዱ፤ ይበቃኛል።

እኔም እናቴን አምጥቻለሁ። ዜጋ ስንሆን ወላጅ የማምጣት መብት አለን። ልንደግፋቸው ፈርመን ነው የምናመጣቸው፤ በፊርማችን አንጸጸትም። ከዚያስ? ግሪን ካርድ ያላቸው አዛውንት ሜዲኬርን፣ ማለትም የመንግሥቱን የአዛውንቶች የሕክምና መድን፣ ለመግዛት እንኳ 5 ዓመት በተከታታይ እዚህ መኖር አለባቸው። 5 ዓመቱ ሲሞላም እዚህ ሠርተው ታክስ ስላልከፈሉ፣ ሌላው በነፃ የሚያገኘውን ፓርት ኤ የሚባለውን የሆስፒታል መድን ከኪሳቸው ይገዛሉ። የ2024 ዋጋው በወር 505 ዶላር ነው። በዚያ ላይ ለሐኪም የሚሆነው ፓርት ቢ 174 ዶላር ከ70 ሳንቲም ይጨመራል። ከኪሳቸው ስል ከማን ኪስ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ለድሆች የሚሆነው የመንግሥት መድን፣ ሜዲኬይድም ቢሆን፣ በ1996ቱ ሕግ ምክንያት ለአብዛኛው አዲስ ግሪን ካርድ ያዥ 5 ዓመት ዝግ ነው። እስከዚያው በኦባማኬር በኩል ኢንሹራንስ መግዛት ይቻላል፤ ገቢ እየታየ ድጎማም አለው። ይህን ያልሰማችሁ ካላችሁ ዛሬ ስሙ። ወላጆቻችሁን ያለ ኢንሹራንስ እንዳታስቀምጡ።

ኢንሹራንሱ ግን የሐኪሙን ይከፍላል እንጂ የሚያጥባቸውን፣ የሚያጎርሳቸውን፣ ሌሊት ሽንት ቤት የሚያደርሳቸውን ሰው አይከፍልም። ይህ ደግሞ የስደተኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እዚህ ተወልዶ ዕድሜውን ሙሉ ታክስ የከፈለ ሰው ሲያረጅ ይኸው ነው የሚገጥመው። ሜዲኬር ከሆስፒታል ወጥቶ ነርሲንግ ሆም ለገባ ሰው ቢበዛ እስከ 100 ቀን ያግዛል። የረጅም ጊዜ እንክብካቤ አይከፍልም። ሜዲኬይድ ይከፍላል፤ ግን ያለውን ጨርሶ ለደኸየ ሰው ነው። በእኛ በቨርጂኒያ ብቻውን ለሚኖር ሰው የሚፈቀደው ተቀማጭ 2,000 ዶላር ነው። የቀብር እንኳ አይሸፍንም።

እኛ ቤት ወንድሜ ቀን ኡበር ይነዳል፣ እኔ ሌሊት እሠራለሁ። ጠዋት ስደርስ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። «እማዬ ክኒኗን ወስዳለች፤ ቁርስ ግን እንቢ ብላለች» ይለኛል። ጃኬቴን ሳላወልቅ አጠገቧ እቀመጥና አጎርሳታለሁ። ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «አንቺ ልጅ፣ መቼ ነው የምትተኚው?» በየአፓርታማው ስንት ቤተሰብ እንዲህ በር ላይ እየተቀባበለ እንደሚኖር እናንተው ታውቃላችሁ።

ሥራዬም ያው ነው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ገላው እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ መገላበጥ አለበት። አንድ ሌሊት አንዲት እናትን እያገላበጥኩ ሌላ ክፍል የጥሪ መብራት በራ። የያዝኳትን ትቼ ብሮጥ ትወድቃለች። በፎቁ ላይ የምታግዘኝ ሰው አልነበረችም። ጨርሼ ስደርስ አንድ አዛውንት ራሳቸው ሊነሡ ሞክረው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። «ሰው ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር» አሉኝ። የተቆጡ እንኳ አልነበሩም። ይቅርታ ነበር የሚመስለው አነጋገራቸው። እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው።

እንግዲህ ተወዳዳሪዎቹን የምመዝነው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

በኤፕሪል 2024 የፌዴራሉ መንግሥት አንድ ደንብ አወጣ። ነርሲንግ ሆሞች ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ቢያንስ 3.48 ሰዓት የሠራተኛ ጊዜ ይመድቡ፤ ከዚያ ውስጥ 2.45 ሰዓቱ የእኛ የረዳቶቹ ይሁን፤ ነርስም ቀንና ሌሊት አትጥፋ ይላል። በሥራ ላይ እንዲውል የታቀደው ደረጃ በደረጃ ነበር። ይህን ዊስኮንሲን ሄደው፣ ሠራተኞቹን አነጋግረው የገለጹት ሃሪስ ናቸው። የነርሲንግ ሆም ባለቤቶች ማኅበር ደንቡን ተቃውሞ ቴክሳስ ባለ ፍርድ ቤት ከሷል። ሰው አይገኝም ይላሉ። በዚህ ደመወዝ ማን ይገኛል? የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ቆሟል። የቤት ለቤት ተንከባካቢዎች ደግሞ በአብዛኛው እስከ 2015 ድረስ እሱ ራሱ በሕግ አይገባቸውም ነበር።

በዚህ ወር ሃሪስ በአንድ የቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ ላይ ሜዲኬር የቤት ውስጥ እንክብካቤን እንዲከፍል አደርጋለሁ ብለዋል። ስሰማ ደስ አለኝ፤ አልዋሻችሁም። ግን ይህን የመሰለ ሐሳብ ምርጫው 4 ሳምንት ሲቀረው ለምን ይነገራል? ኮንግረስ ካልተስማማ ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል። በዚያው ቃለ ምልልስ ላይ ከባይደን የተለየ ምን ታደርጊ ነበር ተብለው ሲጠየቁ ወደ አእምሮዬ የሚመጣ የለም ብለዋል። በእነዚህ 4 ዓመታት የቤት ኪራይና የአስቤዛ ዋጋ እንዴት እንደናረ ለምናውቅ ሰዎች ይህ መልስ አይበቃም።

ወደ ትራምፕ ልምጣ። እሳቸውን የሚደግፉ የሥጋ ዘመዶች አሉኝ፤ የሚሉትን ሳላቋርጥ እሰማለሁ። ያኔ ዘይቱም ዱቄቱም ርካሽ ነበር ይላሉ። እውነት ነው። ከኦቨርታይም ላይ ታክስ ይነሣ ማለታቸው ደብል ሺፍት ለምንሠራው ጥቅሙ ግልጽ ነው። ቲፕ ላይ ታክስ ይቅር የሚለውን መጀመሪያ ያመጡትም እሳቸው ናቸው፤ ሃሪስ ቆይተው ተከተሉ። የፓርቲያቸው ሰነድም ወላጅ ቤት ለሚጦር ቤተሰብ የታክስ ቅናሽ ይሰጥ ይላል። ጥሩ ነው። ስንት እንደሆነ፣ ታክስ እምብዛም ለማይደርስበት ድሃ ቤተሰብ ምን እንደሚተርፍ ግን አይናገርም።

አንድ ነገር ግን ከአንጀቴ አይወጣም። ሴፕቴምበር 10 ፊላደልፊያ ላይ በተደረገው ክርክር፣ ስፕሪንግፊልድ ኦሃዮ ያሉ ስደተኞች የሰው ውሻና ድመት ይበላሉ አሉ። የከተማው ባለሥልጣናት ማስረጃ የለም ብለው ነበር። ከዚያ በኋላ በቦምብ ማስፈራሪያ ትምህርት ቤት እስከ መዘጋት ተደረሰ። የተባለው በሃይቲዎች ነው። ከእኔ ጋር አልጋ የምታነሣው፣ እኔ ስታመም ሺፍቴን የምትሸፍንልኝ ሃይቲ ናት። ነገ ስሙ የእኛ ሊሆን ይችላል። ደግሞስ በብዛት እናባርራለን የሚሉት ሰዎች የአሜሪካን ሽማግሌ ማን እያጠበው እንደሚያድር ጠይቀው ያውቃሉ? ከዚህ ሠራተኛ ትልቅ ድርሻ ያለው ስደተኛ ነው።

በዚያ ክርክር ላይ ስለ ሽማግሌዎች ጦሪያ አንድም ጥያቄ አልቀረበም። በጁን፣ ባይደን ከውድድሩ ከመውጣታቸው በፊት፣ አትላንታ ላይ ባይደንና ትራምፕ ሲገናኙ ስለ ሕፃናት መዋያ ወጪ ተጠይቀው ነበር። አብዛኛውን ደቂቃ እርስ በርስ ሲወቃቀሱበት አለቀ። እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብዬ «መልሱ እንጂ!» እያልኩ እጮህ ነበር።

ሌላም የተረሳ አለ። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ሱዳን እየነደደች ነው፤ ስሟን የሚያነሣ የለም። የኡበር ሹፌሩ የሕመም ፈቃድ የለውም። እነዚህን የሚናገሩ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ዛሬ አሉና ለእነሱ እተዋለሁ።

አሁን የምለምናችሁ ይህን ነው። የምርጫ ዘመቻ ሰዎች በራችሁን ሲያንኳኩ «መርጫለሁ፣ አመሰግናለሁ» ብላችሁ አትዝጉባቸው። ጠይቋቸው። ተወዳዳሪያችሁ የነርሲንግ ሆም ሠራተኞችን ደንብ ይጠብቃል ወይስ ይሽራል? ወላጅ ቤት ለሚጦር ሰው ምን ያደርጋል? ወላጆቻችን ለሜዲኬርና ለሜዲኬይድ በሚጠብቁት 5 ዓመት ላይ ምን አቋም አለው? መልሱን ባያውቁት ይጻፉትና አለቆቻቸውን ይጠይቁ። ለሴኔትና ለኮንግረስ የሚወዳደሩትንም እንዲሁ። ሜዲኬርን የሚቀይረው ፕሬዚዳንት ብቻውን አይደለም።

ምርጫው ኖቬምበር 5 ነው፤ ቀድሞ መምረጥ ግን እስከ ኖቬምበር 2 ይቻላል። ማክሰኞ ሥራ አለብኝ የምትሉ ዛሬውኑ ቀን ቁረጡ። ያልተመዘገባችሁ ዜጎችም ተስፋ አትቁረጡ፤ በቨርጂኒያ ምርጫ ጣቢያ ሄዶ እዚያው መመዝገብና መምረጥ ይቻላል።

እናቶቼና አባቶቼ፣ ዜግነት ወስዳችሁ እንግሊዝኛው እያስፈራችሁ ቤት የቀራችሁ አላችሁ። የምርጫ ወረቀቱ በአማርኛ አይታተምም። ነገር ግን የፌዴራሉ ሕግ ማንበብ ለማይችል ሰው የመረጠውን ረዳት ይዞ የመግባት መብት ይሰጠዋል። ልጅም፣ ጎረቤትም ይሆናል። የማይቻለው አሠሪያችሁና የሠራተኛ ማኅበራችሁ ወኪል ብቻ ነው። የሚከለክላችሁ ካለ መብቴ ነው በሉ። የሚያደርሳችሁ ሰው ከሌለ ለእኔ ንገሩኝ፤ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ስወጣ አደርሳችኋለሁ።

ጥያቄዎቹን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፌ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። ስትወጡ ለራሳችሁም ለጎረቤታችሁም ያዙ። አመሰግናለሁ።