ዴስክቶፑ አልገባ ሲል፦ ጥቁሩ ስክሪን የት ያዋጣል፣ የትስ አይበቃም?

ማህሌት፦ ሰላም ለሁላችሁም። ዛሬ ሊኑክስ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተጠቃሚዎች መሀል ማለቂያ የሌለውን ጭቅጭቅ ይዘናል። በጽሑፍ ኮንሶል፣ ማለትም ትእዛዝ እየተጻፈ በሚሠራበት ጥቁር ስክሪን መሥራት ይሻላል ወይስ በመስኮትና በማውስ በሚሠራበት ዴስክቶፕ? ሄኖክ፣ አንተ ከየት ትጀምራለህ?

ሄኖክ፦ ከብልሽት። ማሽኑ ደህና ሲሆን ሁለቱም ያምራሉ፤ ልዩነቱ የሚታየው ሲበላሽ ነው። ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ የታወቀ ችግር አለ። ፓስዎርድ ታስገቢያለሽ፣ ስክሪኑ ለአፍታ ይጠቁራል፣ ከዚያ ያው የመግቢያ ገጽ ተመልሶ ይመጣል። ደግመሽ ብታስገቢም ያው ነው።

ማህሌት፦ ብዙ ሰው ፓስዎርዴ ተቀየረ ብሎ የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው።

ሄኖክ፦ ፓስዎርዱ ቢሳሳትማ ተሳስቷል ብሎ ይነግርሻል። እዚህ ግን ተቀብሎሻል፤ የወደቀው ዴስክቶፑ ራሱ ነው። ስለዚህ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 3ን አንድ ላይ ትጫኛለሽ፤ ወደ ጽሑፍ ኮንሶሉ ይወስድሻል።

ማህሌት፦ ላፕቶፕ ላይ የኤፍ ረድፉ ለድምፅና ለብርሃን ከተያዘ ኤፍኤንም ይጨመራል።

ሄኖክ፦ አዎ። ጥቁሩ ስክሪን ስም ይጠይቅሻል፣ ቀጥሎ ፓስዎርድ። ፓስዎርዱን ስትጽፊ ኮከብም ነጥብም አይታይም፤ ኪቦርዱ የሞተ ይመስላል። ዝም ብሎ ጽፎ ኢንተር ነው። ከገባሽ በኋላ የመጀመሪያው ትእዛዝ ዲኤፍ ሰረዝ ኤች ነው፤ ዲስኩ ምን ያህል እንደሞላ ያሳያል። ሩት ክፍሉ፣ ማለትም ያቺ አንዲት እዝባር ያለችበት መስመር፣ 100 በመቶ የሚል ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። ዴስክቶፕ ሲነሳ ትንንሽ ፋይሎች መጻፍ አለበት፤ ቦታ ሲያጣ ይወድቃል። የጽሑፍ መግቢያው ያን ያህል የሚጽፈው ነገር ስለሌለው ያስገባሻል።

ማህሌት፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ኤክስት 4 የሚባለው የፋይል ሲስተም ሲፈጠር በተለምዶ ከቦታው 5 በመቶውን ለሩት፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን ላለው የሲስተሙ አስተዳዳሪ፣ ይይዛል። ተራው ተጠቃሚ ዲስኩ ሞልቷል ሲባል ሩት ገና ይጽፋል። ስለዚህ ዴስክቶፑ እምቢ ቢልህም በሱዶ፣ ማለትም ትእዛዝን በሩት ሥልጣን በሚያስኬደው ቃል፣ ማጽዳት ትችላለህ።

ሄኖክ፦ ሱዶ አፕት ክሊን የወረዱ የፓኬጅ ፋይሎችን ይጠርጋል። ሱዶ ጆርናልሲቲኤል፣ ቀጥሎ ሁለት ሰረዝ ቫኪዩም ሰረዝ ሳይዝ፣ እኩል ምልክት፣ 200ኤም ብትዪ ደግሞ የቆዩት የሲስተም መዝገቦች ጠፍተው 200 ሜጋባይት ገደማ ይቀራል። ሁለቱ ብቻ ብዙ ጊዜ ለመግባት የሚበቃ ቦታ ይለቃሉ። ትልልቁን ፋይል ገብተሽ ተረጋግተሽ ትፈልጊያለሽ።

ማህሌት፦ ዲስኩ ካልሞላስ?

ሄኖክ፦ ኤልኤስ ሰረዝ ኤልኤ ብለሽ የራስሽን ሆም ፎልደር እዪ። ነጥብ ኤክስኦቶሪቲ የሚባለው ፋይል ባለቤቱ ሩት ሆኖ ከተገኘ፣ አንድ ሰው የግራፊክስ ፕሮግራም በሱዶ ከፍቷል ማለት ነው። ሱዶ ቾውን ብለሽ በራስሽ ስም ትመልሺዋለሽ። ይሄ ኤክስ ኦርግ የሚባለው የቆየው የስክሪን ማሳያ ሥርዓት በሽታ ነው፤ አዲሱ ዌይላንድ ላይ እምብዛም አያጋጥምም። ሲያልቅ ኮንትሮል፣ አልት፣ ኤፍ 1 ወደ መግቢያው ገጽ ይመልስሻል።

ማህሌት፦ ዴስክቶፑ ተከፍቶ ሳለ ከደረቀ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰው ቶሎ ብሎ ጂዲኤምን፣ ማለትም የመግቢያውን ገጽ የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ሪስታርት ያደርጋል፤ ያኔ ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። መጀመሪያ በኤፍ 3 ወደ ኮንሶሉ ሂድና ቶፕ ብለህ ግባ፣ ሺፍት ኤም ተጫን፣ ሜሞሪ የበላው ከላይ ይመጣል። ኬ ተጭነህ የዚያን ፕሮግራም ቁጥር ስትሰጠው እሱን ብቻ ይገድልልሃል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ሀምሳ ታብ የተከፈተበት ብራውዘር ነው።

ሄኖክ፦ ጭራሽ ኤፍ 3 የማያደርስ ጉዳይም አለ፤ ለምሳሌ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ድራይቨር ከተበላሸ። ያኔ ማሽኑ ሲነሳ በሚመጣው ግሩብ ሜኑ ላይ ኢ ተጭነሽ፣ ሊኑክስ ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ ክፍተት አድርገሽ 3 ቁጥርን ጻፊና ኮንትሮል ኤክስ። ለዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ያለ ግራፊክስ ይነሳል፤ ድራይቨሩን አስተካክለሽ ሪቡት ማድረግ ነው።

ማህሌት፦ እሺ፣ ኮንሶሉ ለአደጋ ጊዜ ይጠቅማል፤ በዚህ ማንም አይከራከርህም። የዕለት ሥራስ?

ሄኖክ፦ ማሽኑ የት ነው የተቀመጠው? ፊትሽ ከሆነ እንደ ምርጫሽ። ሌላ አገር ያለ ሰርቨር ከሆነ ግን ሪሞት ዴስክቶፕ በሞባይል ዳታ ስቃይ ነው፤ ማውሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ምስል ይመላለሳል። ከሩቅ ማሽን ጋር በትእዛዝ የሚያገናኘው ኤስኤስኤች የሚያመላልሰው ጽሑፍ ነው፣ ቀርፋፋ ኔትወርክም ይበቃዋል። ሜሞሪውም አለ። ዴቢያን የሚባለው ሊኑክስ ያለ ዴስክቶፕ ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ ከ200 ሜጋባይት ብዙም አይርቅም፤ ኖም የሚባለው ዴስክቶፕ ሲጫንበት ወደ 1 ጊጋ ይጠጋል ወይም ያልፋል።

ማህሌት፦ 2 ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሰርቨር ለሚሞክሩ ይሄ ቁም ነገር ነው። ዴስክቶፑን ማጥፋት እንኳ አያስፈልግም። ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሴት ሰረዝ ዲፎልት መልቲ ሰረዝ ዩዘር ነጥብ ታርጌት ካልከው ሲነሳ ጽሑፍ ብቻ ነው። ዴስክቶፑ ሲያምርህ ሱዶ ሲስተምሲቲኤል አይሶሌት ግራፊካል ነጥብ ታርጌት።

ሄኖክ፦ በኤስኤስኤች ለሚሠራ ሰው የማልደራደርበት ነገር ቲመክስ ነው። ኔትወርክ ሲቋረጥ ወይም ቤት መብራት ሲጠፋ፣ ሰርቨሩ ላይ ትእዛዝሽን የሚቀበለው ሼል ይዘጋና በውስጡ የነበረው ሥራም ብዙውን ጊዜ አብሮ ይሞታል። ግማሽ ላይ የተቋረጠ አፕግሬድ ወይም የዳታቤዝ ጭነት ሲሆን አስቢው። ስለዚህ እንደገባሽ ቲመክስ ኒው ሰረዝ ኤስ ብለሽ ስም ስጪው፣ ሥራሽን እዚያ ውስጥ ጀምሪ። መስመሩ ቢቋረጥም ሥራው ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል። ተመልሰሽ ቲመክስ አታች ሰረዝ ቲ ብለሽ ስሙን ስትጽፊ ካቆምሽበት ታገኚዋለሽ። አውቀሽ ለመውጣት ኮንትሮል ቢ፣ ለቀቅ አድርገሽ ዲ።

ማህሌት፦ ፋይል ለማስተላለፍ ደግሞ አርሲንክ ሰረዝ ኤቪ ከትልቁ ፒ ጋር። ትልቁ ፒ በግማሽ የቀረውን ፋይል ያስቀምጠዋል፤ ያንኑ ትእዛዝ ስትደግመው የደረሰውን ሁሉ እንደ አዲስ አይልክም። ዳታ በብር ለሚገዛ ሰው ትርፉ ግልጽ ነው።

ሄኖክ፦ ሌላም አለ። ትእዛዝ በቴሌግራም ይላካል፤ የት ጋ ክሊክ እንደሚደረግ ለማሳየት ግን ስምንት ስክሪንሾት ያስፈልጋል።

ማህሌት፦ እዚያም ወጥመድ አለ! ቴሌግራም ሁለቱን ሰረዝ አንድ ረጅም ሰረዝ ያደርጋቸዋል፤ የስልክ ኪቦርድም ጥቅሱን ጠማማ ያደርገዋል። ተቀባዩ ኮፒ ሲያደርገው ትእዛዙ አይሠራም። ትእዛዙን ኮድ አድርጎ በሞኖስፔስ መላክ ያድነዋል። አሁን ግን ለዴስክቶፕ ልሟገት፤ ኮንሶል ይቅርታ አያውቅም። አርኤም ያጠፋው ፋይል ትራሽ ውስጥ አይገኝም። ዲስክ ላይ በቀጥታ የሚጽፈው ዲዲ የተሳሳተ ዲስክ ብትሰጠው ሳይጠይቅህ ይጽፍበታል።

ሄኖክ፦ ስለዚህ ከዲዲ በፊት ኤልኤስቢኤልኬ ብሎ የዲስኩን መጠን ማየት ግዴታ ነው። 16 ጊጋ ፍላሽና 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ በስም ሊያምታቱሽ ይችላሉ፣ በመጠን ግን አይምታቱም።

ማህሌት፦ ፎቶ መምረጥ፣ ካርታ፣ የገጽ ዲዛይን፣ ይሄ ሁሉ ዓይን ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አማርኛ።

ሄኖክ፦ አማርኛው ላይ እጅ እሰጣለሁ። በከፊል።

ማህሌት፦ በከፊል ማለት?

ሄኖክ፦ የሊኑክስ ኮንሶል በአንድ ጊዜ የሚይዘው ቢበዛ 512 የፊደል ቅርጽ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ መዝገብ ውስጥ የገባው የኢትዮጵያ ፊደል ዋናው ሠንጠረዥ ዛሬ ከ350 በላይ ምልክት አለው። ላቲኑ ሲጨመር ለጥቂት ይገባል። ጎሃ የሚባል የኮንሶል ፎንት ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ አለ፤ ሴትፎንት በሚለው ትእዛዝ ስትጭኚው ፊደሉ ይታያል። ዋጋም ያስከፍላል፤ ከ256 በላይ ቅርጽ ሲጫን ከ16ቱ የጽሑፍ ቀለሞች 8ቱ ይቀራሉ።

ማህሌት፦ ማሳየት ሌላ፣ መጻፍ ሌላ። የቋንቋ መጻፊያ የሚጫንበት አይባስ ዴስክቶፕ ይፈልጋል። አይባስ ኤም 17 ኤን የሚባለውን ፓኬጅ ጭነህ፣ ወጥተህ ገብተህ፣ ኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ አማርኛ ሴራ የሚባለውን መጻፊያ ትጨምራለህ። ከዚያ ሱፐርና ስፔስ እየተጫንክ ትቀያይራለህ። ጥቁሩ ኮንሶል ላይ ይሄ ሁሉ የለም።

ሄኖክ፦ ኢማክስ የሚባለው የጽሑፍ ኤዲተር ግን አለ። የራሱ የኢትዮጵያ ፊደል መጻፊያ ስላለው ዴስክቶፕ አይፈልግም። ኮንትሮልና ወደ ኋላ ያዘነበለው እዝባር፣ ከዚያ ኢትዮፒክ ብለሽ ኢንተር። በላቲን ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ስትጽፊ ሰላም ይወጣል።

ማህሌት፦ ለአብዛኛው ሰው የሚሻለው እኮ መሀል ያለው ነው፤ ዴስክቶፕ ላይ ተቀምጦ የተርሚናል መስኮት ከፍቶ በኤስኤስኤች መግባት። አማርኛውን የሚጽፈው ያንተ ዴስክቶፕ ነው፤ ሰርቨሩ የሚደርሰው ፊደሉ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ኮድ ተቀይሮ፣ በባይት ብቻ ነው፣ ምንም አይጫንበትም።

ሄኖክ፦ የሰርቨሩ ሎኬል፣ ማለትም የቋንቋ ቅንብሩ፣ ዩቲኤፍ 8 ከሆነ። ካልሆነ ኤልኤስ ስትዪ በፊደሉ ፈንታ ቁጥር ይዘረግፍልሻል። ሰ ለብቻዋ 341፣ 210፣ 260 ሆና ትመጣለች። ፋይሉ ተበላሸ ብለሽ እንዳታጠፊው፤ ስሙ ደህና ነው። ኤክስፖርት ላንግ፣ እኩል ምልክት፣ ሲ ነጥብ ዩቲኤፍ ሰረዝ 8 ብለሽ እንደገና ኤልኤስ በዪ፣ ሰ ተመልሳ ትመጣለች።

ማህሌት፦ ተርሚናሉ ላይ ጨ እና ጧ ጎናቸው ተቆርጦ ከታየ ግን ሰርቨሩን አትውቀሱ። ተርሚናል ለእያንዳንዱ የኢትዮጵያ ፊደል የሚሰጠው አንድ ጠባብ ሳጥን ነው፤ ሰፋፊዎቹ አይበቃቸውም። ፎንት ሲቀየር ትንሽ ይሻላል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም። ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ከሆነ ፋይሉን ወደራስህ አውርደህ በዴስክቶፕ ኤዲተር ብታርመው ይሻልሃል።