ሁለቱን እግሮች ለካቸው፦ ኦፕ-አምፕ ለጀማሪዎች

ሄለን፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ ብዙ ጀማሪ ሲደርስበት ደብተሩን የሚከድንበትን ርዕስ ይዘናል፤ ኦፕ-አምፕ፣ ማለትም ኦፕሬሽናል አምፕሊፋየር የሚባለው ቮልቴጅ የሚያጎላ ዕቃ። ዮናስ ይህን ካልሠራን ብሎ ሲወተውተኝ ነው የከረመው።

ዮናስ፦ ምክንያት አለኛ! ኦፕ-አምፕ አብዛኛውን ጊዜ ከቀመር ተጀምሮ ነው የሚሰጠው። ተማሪው ቀመሩን ይሸመድዳል፣ ፈተናውን ያልፋል፤ ብሬድቦርድ፣ ያለ ብየዳ ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ ላይ፣ ሰክቶ እምቢ ሲለው ግን የት ጋ እንደሚነካው ግራ ይገባዋል። እኔም እንደዚያው ነው የተማርኩት። መያዝ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፦ ሁለቱ መግቢያዎች እኩል እንዲሆኑ መውጫው ስንት ቮልት መሆን አለበት?

ሄለን፦ እስቲ መጀመሪያ መግቢያና መውጫውን አሳየን።

ዮናስ፦ ኤልኤም358 የሚባለውን ባለ ስምንት እግር ቺፕ እንያዝ። በአንድ ባትሪ ስለሚሠራ ለጀማሪ ይመቻል፤ ውስጡም አንድ ሳይሆን ሁለት ኦፕ-አምፕ ነው ያለው። ጫፉ ላይ ያለችውን ጎድጎድ ያለች ምልክት ወደ ላይ አድርገሽ ያዢው። በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች ስትቆጥሪ፣ 1ኛው እግር መውጫ፣ 2ኛው ማይነስ መግቢያ፣ 3ኛው ፕላስ መግቢያ፣ 4ኛው ግራውንድ ነው። የባትሪው ፖዘቲቭ በ8ኛው ይገባል። 5፣ 6 እና 7 የሁለተኛው ኦፕ-አምፕ ናቸው። የዚህ ዕቃ ሥራ በፕላስና በማይነስ መካከል ያለውን ልዩነት ወስዶ መቶ ሺህ እጥፍ አካባቢ ማጉላት ነው።

ሄለን፦ መቶ ሺህ? ያን ያህል ምን ያደርግልናል?

ዮናስ፦ እንዳለ ብትተዪው ብዙም አይጠቅምም። ልዩነቱ የአንድ ሚሊቮልት አሥረኛ ቢሆን እንኳን መውጫው 10 ቮልት ልውጣ ይላል። ስለዚህ ወይ ጣሪያ፣ የሚችለውን ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ ይነካል፤ ወይ ወለል፣ ዝቅተኛው ላይ፣ ይቀመጣል። ሁለት ቮልቴጅ አወዳድሮ የትኛው እንደሚበልጥ ለመናገር ይሆናል፤ ለምሳሌ ሲጨልም አምፖል ለማብራት። ለማጉያነት ግን መገራት አለበት።

ሄለን፦ የሚገራውም ፊድባክ ነው።

ዮናስ፦ ኔጌቲቭ ፊድባክ። ከመውጫው ወስደሽ ወደ ማይነስ መግቢያ ትመልሺያለሽ። ሃሮልድ ብላክ የሚባል የቤል ላብራቶሪ መሐንዲስ ነው በ1927 እ.ኤ.አ. ሐድሰን ወንዝን በጀልባ እየተሻገረ ወደ ሥራ ሲሄድ የመጣለት፤ እዚያው በእጁ በያዘው ጋዜጣ ላይ ጻፈው። ሐሳቡ በጣም ደፋር ነው፤ ለማግኘት የተለፋበትን ማጉላት አብዛኛውን መልሰህ ስጥ፣ በምትኩ ልክነትን ታገኛለህ።

ሄለን፦ እኔን መጀመሪያ የገባኝ በበፈር ነው፤ ቮልቴጁን ሳያጎላ እንዳለ ወደ ጭነቱ በሚያስተላልፈው ሰርኪዩት። በ9 ቮልት ባትሪ ሁለት 10 ኪሎኦም ሬዚስተር በተከታታይ አገናኘሁ፤ መሃላቸውን ስለካ 4.5 ቮልት። ደስ አለኝ። ከዚያ መሃል ላይ 1 ኪሎኦም ጭነት ወደ ግራውንድ ሳገናኝ ወዲያው ወደ 0.75 ቮልት ወረደ! መልቲሜትሩ የተበላሸ ነበር የመሰለኝ።

ዮናስ፦ አልተበላሸም። ጭነቱ ከታችኛው 10 ኪሎኦም ጋር ጎን ለጎን ሲሆን ታችኛው ክፍል 909 ኦም ገደማ ይሆናል። ከላይ ካለው 10 ኪሎኦም ጋር ሲካፈል የሚደርሰው ያው ነው።

ሄለን፦ ከዚያ መሃሉን ወደ 3ኛው እግር አስገባሁ፣ 1ኛውን እና 2ኛውን በአንድ አጭር ሽቦ አገናኘሁ። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። ያንኑ 1 ኪሎኦም መውጫው ላይ ባደርገው 4.5 ቮልቱ ንቅንቅ አላለም።

ዮናስ፦ አየሽ፣ እዚህ ጋ ጥያቄያችንን እንጠይቅ። ፕላሱ 4.5 ነው፤ ማይነሱ ከመውጫው ጋር አንድ ሽቦ ነው። እኩል እንዲሆኑ መውጫው ራሱ 4.5 መሆን አለበት። መግቢያው ደግሞ የሚስበው ከረንት ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ ሬዚስተሮቹ ጭነት እንዳለ እንኳን አያውቁም። ጭነቱ የሚፈልገውን 4.5 ሚሊአምፔር የሚያቀርበው ኦፕ-አምፑ ነው፣ ከባትሪው ወስዶ።

ሄለን፦ እሺ፣ አሁን እናጉላ።

ዮናስ፦ ባትሪውን ተይውና በ5 ቮልት እንሥራ። ፕላስ መግቢያው ላይ 0.2 ቮልት አለ። ከማይነስ ወደ ግራውንድ 1 ኪሎኦም፣ ከመውጫው ወደ ማይነስ 10 ኪሎኦም። ቀመሩን እርሺው። ማይነሱ ስንት መሆን አለበት?

ሄለን፦ እንደ ፕላሱ፣ 0.2።

ዮናስ፦ በ1 ኪሎኦሙ ላይ 0.2 ቮልት ካለ 0.2 ሚሊአምፔር ያልፍበታል። ከየት መጣ? ከመግቢያው እግር አይመጣም፤ እሱ ከረንት አይሰጥም አይቀበልም። ያለው መንገድ በ10 ኪሎኦሙ በኩል ከመውጫው ነው። 0.2 ሚሊአምፔር በ10 ኪሎኦም ሲያልፍ 2 ቮልት ይይዛል። ከታች ያለው 0.2 ሲደመርበት መውጫው 2.2 ቮልት ነው። 11 እጥፍ። መጽሐፉ «አንድ ሲደመር የሬዚስተሮቹ ንጥጥር» የሚለው ይህንኑ ነው።

ሄለን፦ የመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ በእጄ ሳወጣው «ለካ ይኼ ነው!» ያልኩት ትዝ ይለኛል። ሽምደዳ የለበትም።

ዮናስ፦ እኔ ደግሞ ይህንኑ ሰርኪዩት ስሠራ አንድ ምሽት ሙሉ አሳልፌበታለሁ። መውጫው 3.5 ቮልት ላይ ተቸነከረ። መግቢያውን 0.1 ባደርገው 3.5፣ 0.2 ባደርገው 3.5። ቺፑ ተቃጥሏል ብዬ ቀየርኩ። ሌላ ቀየርኩ። ሦስተኛውም ያው ሆነ። ለካ 2ኛውንና 3ኛውን እግር አለዋውጬ ሰክቼ ነው።

ሄለን፦ ታዲያ ለምን 3.5? ለምን 5 ወይም ዜሮ አልሆነም?

ዮናስ፦ ይህ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ኤልኤም358 ወደ ታች ግራውንድ አጠገብ ይደርሳል፤ ወደ ላይ ግን ከሚቀርብለት ቮልቴጅ 1.5 ያህል ሲቀረው ይቆማል። በ5 ቮልት ጣሪያው 3.5 ነው። ሁለተኛ፣ ሽቦው ሲለዋወጥ ፊድባኩ ወደ ፕላስ ገባ። መውጫው 3.5 ሲሆን 11ኛ እጁ፣ 0.32 ገደማ፣ ወደ ፕላስ ይመለሳል። ይህ ከ0.2 ይበልጣል፤ ስለዚህ መውጫው የበለጠ ወደ ላይ ይገፋል። ስህተቱን ከማረም ይልቅ ያጠናክረዋል። ሲበራ ወለሉን ይዞ ቢሆን ኖሮም እዚያው ይቀር ነበር።

ሄለን፦ አሁን ቢገጥምህ በስንት ደቂቃ ታገኘዋለህ?

ዮናስ፦ በአንድ። የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች በ2 እና በ3 እግሮች ላይ አሳርፋለሁ። ፊድባኩ በትክክል እየሠራ ከሆነ ዜሮ አካባቢ ነው የሚያሳየው፤ ጥቂት ሚሊቮልት ቢሆን ነው። ከዚያ በላይ ካሳየ ኦፕ-አምፑ ማመጣጠን አቅቶታል። ወይ ሽቦ ተለዋውጧል፣ ወይ ፊድባኩ ተቋርጧል፣ ወይ ጣሪያ ወይም ወለል ነክቷል። ዕቃ ከመቀየርሽ በፊት ይህን ለኪ።

ሄለን፦ ወለል ስትል፣ የሚገለብጠው ማጉያ ላይ ጀማሪ የሚወድቅበት እሱ ነው። ፕላሱ ግራውንድ፣ ሲግናሉ በሬዚስተር ወደ ማይነስ። ቀመሩ መውጫው ኔጌቲቭ ይሆናል ይላል፤ በአንድ ባትሪ ግን ከግራውንድ በታች የሚባል ቦታ የለም!

ዮናስ፦ ልክ ነሽ፣ ኦፕ-አምፕ ያልተሰጠውን ቮልቴጅ አያመጣም። መፍትሔው ቅድም አንቺ የሠራሽው ነው። በ9 ቮልቱ 4.5ን በበፈር አውጪና ፕላሱን እዚያ ላይ አስሪው፤ ለበፈሩም የቺፑ ሁለተኛ ግማሽ አለልሽ። ሲግናሉ በ4.5 ዙሪያ ወደ ላይም ወደ ታችም ይጓዛል። የማይክሮፎን ድምፅ ከሆነ መግቢያው ላይ ካፓሲተር ጨምሪ። አንድ ሌላ ነገር፣ ከ8ኛው እግር ወደ 4ኛው 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ከቺፑ ተጠግቶ ይቀመጥ። ያለ እሱ አንዳንዴ መውጫው በራሱ መወዛወዝ ይጀምራል።

ሄለን፦ ስለ ፍጥነትስ?

ዮናስ፦ ባጭሩ፣ የዚህ ቺፕ ማጉላትና ፍሪኩዌንሲ ሲባዙ 1 ሜጋኸርዝ አካባቢ ናቸው። 100 እጥፍ ከፈለግሽ እስከ 10 ኪሎኸርዝ ገደማ ነው የሚሄድልሽ። በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው 741 የሚባለው ኦፕ-አምፕም ከዚሁ አይርቅም። ለጊዜው ይህ ይበቃል። ይልቅ አንድ ልጠይቅሽ። ያ የ11 እጥፍ ሰርኪዩት በትክክል ተሰክቷል፣ 5 ቮልት አለው፣ መግቢያው ላይ 0.5 ቮልት አደረግሽ። በ2ኛውና በ3ኛው እግር መካከል መልቲሜትሩ ስንት ያሳያል?

ሄለን፦ መውጫው 5.5 መሆን ነበረበት፤ አይችልም፣ 3.5 ላይ ይቆማል። ለ11 ሲካፈል ማይነሱ 0.32 ነው። ፕላሱ 0.5። ስለዚህ... 0.18 ቮልት።

ዮናስ፦ ሰክተሽ ለኪውና ሳምንት ንገሪን።