ሌሊቱን ማን ይጠብቃል?

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፤

ጀርመናዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም አውጉስት ቢየር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 ኮኬይንን ወደ አከርካሪ ፈሳሽ አስገብቶ ያከናወነው የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና የቁርጭምጭሚት ነበር። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ተለውጧል፤ መርፌውም ቀጥኗል። አንድ ችግር ግን ዛሬም አልለቀቀንም፤ ሰመመኑ የሚያልቀው ሕመሙ ሳያልቅ ነው። ወደ አከርካሪ ፈሳሽ በሚሰጠው ማደንዘዣ በቡፒቫኬይን ብቻ የጭን አጥንቱ የተጠገነለት ታካሚ ከቀዶ ሕክምናው በሰላም ይወጣና ከጥቂት ሰዓታት በኋላ አልጋው ላይ ያቃስታል።

ከማደንዘዣው ጋር አጋዥ መድኃኒት የምንጨምረው ለዚህ ነው። የትኛው ይሻላል ብለን ስንከራከር ግን ብዙ ጊዜ የምናነጻጽረው የሰመመኑን ርዝመት ብቻ ነው። እኔ የምሟገተው ለሌላ መለኪያ ነው። መድኃኒቱ መመረጥ ያለበት ታካሚውን ሌሊት ማን እንደሚከታተለው ታይቶ ነው።

ፌንታኒልንና ሞርፊንን እንውሰድ። ሁለቱም ኦፒዮይድ የሚባሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው፤ የሚሠሩትም በሕብለ ሰረሰር ላይ ባሉ የኦፒዮይድ ተቀባዮች ነው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ፌንታኒል በስብ ስለሚሟሟ ቶሎ ይሰርጋል፤ ቶሎም ይለቃል። ከ10 እስከ 25 ማይክሮግራም የሚሆነው ሰመመኑን ያጠነክራል፤ ቡፒቫኬይኑንም ለመቀነስ ያስችላል። የደም ግፊታቸው በቀላሉ ለሚወርድ አረጋውያን ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚያመጣው የሰውነት ማሳከክ እንግዲህ የሚቻል ነው።

ሞርፊን በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ በፈሳሹ ውስጥ ይቆያል። 100 ማይክሮግራም ብቻ እስከ ማግስቱ ሕመም ሊያስታግስ ይችላል። ይሁንና ከፈሳሹ ጋር ቀስ እያለ ወደ ላይ፣ ትንፋሽን ወደሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ይወጣል። የታካሚው ትንፋሽ የሚዘገየው እኛ ቤታችን ገብተን በተኛንበት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

አዘገጃጀቱንም ልብ በሉ። በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊግራም የያዘውን አምፑል ወደ 100 ማይክሮግራም ለማውረድ አሥር እጥፍ ማቅጠን፣ ከዚያም እንደገና አሥር እጥፍ ማቅጠን ያስፈልጋል። በጥድፊያ አንዱን የዘለለ ሰው አሥር እጥፍ ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ሰው ቆሞ ያረጋግጥ። መድኃኒቱም እንዳይበላሽ ተብሎ ከሚጨመር ኬሚካል ነፃ መሆን አለበት።

ኦፒዮይድ ያልሆነው ማረጋጊያ መድኃኒት ዴክስሜዴቶሚዲን ብዙዎቻችንን እየማረከ ነው፤ እኔንም ጭምር። 5 ማይክሮግራም ሰመመኑን ያረዝማል፤ እንደ ኦፒዮይድ አያሳክክም። ነገር ግን የልብ ምትን ያዘገያል፤ እግሩም ለረጅም ጊዜ እንደደነዘዘ ይቆያል። ለቅልጥም ስብራት ይህ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። በጡንቻ ውስጥ የሚያይል ግፊት እግሩን ሳያበላሽ በፊት የሚያስጠነቅቀን አንዱ ምልክት ሕመም ነውና። ዴክስሜዴቶሚዲንን ወደ አከርካሪ ፈሳሽ መስጠቱም ከተፈቀደለት አጠቃቀም ውጭ መሆኑን አንርሳ።

ሞርፊን ስትሰጡ መጠኑንና ሰዓቱን ፋይሉ ላይ ጻፉ፤ ለተረኛዋ ነርስም በቃል ንገሩ። የኦፒዮይድ ማርከሻ የሆነው ናሎክሶን በእጇ ይሁን። ኦክስጅን እየወሰደ ያለ ታካሚ ትንፋሹ ቢዘገይም የደም ኦክስጅንን በሚያሳየው የጣት መለኪያ ላይ ያለው ቁጥር ቶሎ ላይወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ትንፋሹ በዓይን እየታየ ይቆጠር፤ እንቅልፍ የሚያበዛ ሌላ መድኃኒትም አይደረብበት። በየሰዓቱ የሚቆጥር ሰው ከሌለ ሞርፊኑ ይቅር፤ ፌንታኒል እንጠቀም፤ ለሌሊቱ ሕመም ሌላ መላ ከወዲሁ እናዘጋጅ።

አመሰግናለሁ።