ሎሚ ጠብ ሳታደርጉበት አትክፈሉ፦ ስለ ወጥ ቤት ድንጋይ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የወጥ ቤት መደብ ወይም ካውንተር ላይ ስለሚገባ ድንጋይ ከጎጃም አድማጮች በስልክ የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። መልሱ የኔ ነው፤ ድንጋይ እቆርጣለሁ፣ እገጥማለሁ።

ጥያቄ፦ ለወጥ ቤት ግራናይት ይሻላል ወይስ እምነበረድ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ግራናይት።

ጥያቄ፦ እኔ ግን ልቤ የሄደው ነጩ እምነበረድ ላይ ነው። ምን ችግር አለው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ ማማሩን አልክድም። ከቤኒሻንጉል የሚመጣውን እኔም እወደዋለሁ፤ ለግድግዳ ከሆነ። እምነበረድ ከኖራ ድንጋይ ወገን ነው፤ ኮምጣጣ ነገር ይበላዋል። እስቲ የራስሽን ወጥ ቤት አስቢ። ዶሮው በሎሚና በጨው ይታጠባል። ሊጡ ይቦካል፣ እርሾው ይንጠባጠባል። ጠላውም ጠጁም ይፈሳል። ይህ ሁሉ እምነበረዱ ላይ ሲያርፍ የሚያብረቀርቀውን ላዩን በልቶ ደብዛዛ ምልክት ይተዋል። ምልክቱ ቆሻሻ ስላልሆነ በሳሙና አይለቅም። የተበላው ድንጋዩ ራሱ ነው። እንደገና በማሽን ካልተወለወለ አይመለስም። በዚያ ላይ ቢላዋ ይጭረዋል። ካማረሽ ለሳሎን ጠረጴዛ አድርጊው።

ጥያቄ፦ ሻጩ «ግራናይት ነው» ይለኛል። በምን አውቃለሁ? (ከቡሬ)

መልስ፦ በአፍ አትመን። አንዳንድ ሱቅ የሚያብረቀርቅ ሁሉ ግራናይት ነው፤ ሴራሚኩ ሳይቀር። ቁራሽ ጠይቅና ቤትህ ውሰድ። ሎሚ ጠብ አድርግበት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ተወው፣ ከዚያ ጥረገው። አረፋ ካወጣ ወይም ቦታው ከደበዘዘ ግራናይት አይደለም፤ ሻጩ ምንም ይበል። በቁራሹ ሌላ ጫፍ ላይ ደግሞ ውሃ አኑርበት። ቦታው ቶሎ ከጠቆረ ድንጋዩ ውሃ ይመጥጣል ማለት ነው፤ ዘይትም እንደዚያው ይመጥጣል። ከተገጠመ በኋላ ማሸጊያ ፈሳሽ (ሲለር) ይፈልጋል። ጥቁር ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ነጭ ጨርቅ በአሴቶን፣ ማለትም በጥፍር ቀለም ማጥፊያው፣ አርሰህ እሸው። ጨርቁ ከጠቆረ ድንጋዩ ቀለም ተነክሯል። ቁራሽ አልሰጥም የሚል ሻጭ ከገጠመህ ጎረቤቱ ዘንድ ሂድ።

ጥያቄ፦ ከአባይ በረሃ የሚወጣው ድንጋይ ለካውንተር ይሆናል? ለኛ ቅርብ ነው፣ ርካሽም ነው። (ከደጀን)

መልስ፦ ጋሼ፣ የትኛው ድንጋይ? ከደጀን ወደ አባይ ሲወርዱ ላይኛው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲሉ የጄሶ ድንጋይ፣ ወደ ታች ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ ያገኛሉ። የኖራው ለግንብና ለሲሚንቶ ደህና ነው፤ ለወጥ ቤት ግን ሎሚ ጠብ ያድርጉበትና ሲፈላ ያዩታል። ጄሶውን ጥፍር ይጭረዋል፣ ውሃም ያሟሟዋል። የአሸዋው ዘይት ይጠጣል። ጥቁሩ ጠንካራ ነው፤ ቀዳዳ የሌለው ድፍን ካገኙና በደንብ የሚወለውል ባለሙያ ካለዎት ይሠራል። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ከሆነ ግን ሊጥ ውስጡ ገብቶ ይደርቃል። እሱን ለደረጃ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ጥቁር ይሻላል ነጭ? (ከሞጣ)

መልስ፦ ጥቁሩ ዱቄት ያሳያል፣ ነጩ በርበሬና እርድ ያሳያል፤ ዝንጉርጉሩ ሁለቱንም ይሸፍናል።

ጥያቄ፦ ሠራተኞቹ ግራናይቱን ሳሎን ውስጥ በግራይንደር እየቆረጡት ነው። ቤቱ አቧራ በአቧራ ሆነ። ሶፋው በምን ይጸዳል? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ሶፋው ይቆይሽ። ስልኩን ዝጊና አስቁሚያቸው። ልጆቹንም ከቤት አውጪያቸው።

ይህን ስናገር ጆሮ የሰለቻችሁ አላችሁ፤ ይሰልቻችሁ። ግራናይት በደረቁ አይቆረጥም! ውስጡ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለ። ድንጋዩ ተገጥሞ ሲቀመጥ ማንንም አይጎዳም። በዲስክ ሲፈጭ ግን በዓይን የማይታይ ብናኝ ይሆናል። ሶፋሽ ላይ ያየሽው ከባዱ ነው፤ እሱማ ወደቀ። የሚያስፈራው ያላየሽው ነው። አየር ላይ ሰዓታት ይቆያል፣ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይገባል፣ እዚያው ይቀራል። ሳንባውን እያቆሰለ ጠባሳ ያደርገዋል። ሲሊኮሲስ ይባላል። ጠባሳውን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ለቲቢም ያጋልጣል። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ስለሆነ ቆራጩ ልጅ ዛሬ «ምንም አልሆንኩም» ይልሻል። እውነቱን ነው፤ ዛሬ ምንም አልሆነም።

«አፌን ሸፍኛለሁ» ይሉኛል። ሻርፕ ይህን ብናኝ አያቆምም። ከኮቪድ ጊዜ የተረፈችው ሰማያዊ ማስክም አታቆምም። ፊት ላይ ግጥም የሚለው ኤን 95 የሚባለው ማስክ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ከውሃ ቀጥሎ የሚመጣ ነው እንጂ የውሃ ምትክ አይደለም።

ሌላው ደግሞ የሃይላንድ ክዳን በስቶ ተራ ግራይንደር ላይ ውሃ ያንጠባጥባል። ሐሳቡ ደግ ነው። ነገር ግን ማሽኑ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ለውሃ ያልተሠራ ማሽን ላይ ውሃ ማፍሰስ ሳንባን አድናለሁ ብሎ በመብራት መሞት ነው። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፦ ልኬቱ ቤት ይወሰዳል። ድንጋዩ የሲንኩና የምድጃው ቀዳዳ ሳይቀር ወርክሾፕ ውስጥ፣ በውሃ በሚሠራ ማሽን ይቆረጣል። ቤትሽ የሚመጣው ለመገጠም ብቻ ነው። ዋጋ ስትነጋገሩ ይህን አስቀድማችሁ ጻፉት። «ቤት ውስጥ ነው የማስተካክለው» የሚል ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ።

አሁን ወደ ሶፋው። በመጥረጊያ አትንኪው፣ አታራግፊውም፤ ብናኙን እንደገና ታስነሺዋለሽ። መስኮት ክፈቺ፣ አቧራው ይረፍ፣ ከዚያ ሁሉንም በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። ልብሱን ሳታራግፊ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ ድንጋይ ቆራጭ ነኝ። ደረቅ ሳል አልለቅ ብሎኛል። ምን ልውሰድ? (ከዳንግላ)

መልስ፦ ልጄ፣ ሽሮፕ አትግዛ፣ ሆስፒታል ሂድ። ሥራህ ድንጋይ መቁረጥ መሆኑን ለሐኪሙ ሳትጠየቅ ንገረው፤ ካልነገርከው ከሳልህ ብቻ አያውቀውም። ሳይቃጠል በቅጠል።

ጥያቄ፦ ሰው ሠራሹ ኳርትዝስ? ሎሚም አይነካውም አሉኝ። (ከእንጅባራ)

መልስ፦ ልክ ናቸው፣ ሎሚ አይነካውም። ግን በፕላስቲክ ሙጫ የተያያዘ ስለሆነ ትኩስ ድስት ያበላሸዋል። አብዛኛው ምርት ደግሞ ከመቶ 90 በላይ ሲሊካ ነበር፤ ለቆራጩ ከግራናይት ይብሳል። አውስትራሊያ በዚሁ ምክንያት በፈረንጆቹ ከ2024 ሐምሌ ጀምሮ ከልክላዋለች። ካልቀረልህም በደረቁ አይቆረጥ።

ጥያቄ፦ ግራናይት ጨረር አለው፣ ካንሰር ያመጣል ይባላል። (ከመርዓዊ)

መልስ፦ ያለው እጅግ ጥቂት ነው፤ መስኮት ከፍተው ይቀመጡ። ሳንባዎን የሚያስቡ ከሆነ ከግራናይቱ በፊት የማገዶውን ጭስ ያስወጡ።

ጥያቄ፦ ድንጋዩን በረኪናና ኮምጣጤ ቀላቅዬ ባጸዳው ያበራል? (ከቢቸና)

መልስ፦ እትዬ፣ ሁለቱን እንዳይቀላቅሉ! ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ፤ በዝግ ወጥ ቤት ውስጥ ሰው ይጥላል። በረኪና ከሎሚም፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም አይገናኝ። ለድንጋዩ ለብ ያለ ውሃና ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃዋል። የዘይት ነጠብጣብ ከገባበት ቤኪንግ ሶዳ በውሃ እንደ ሊጥ አቡክተው ይለጥፉበት፣ በላስቲክ ይሸፍኑት፣ ሌሊቱን ይደርና ይጥረጉት።

ጥያቄ፦ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል? (ከአዴት)

መልስ፦ ከሥሩ ጥሩ ካቢኔ ወይም ግንብ ካለ ይበቃል። አንድ ካሬ በ2 ሳንቲ ሜትር ወደ 54 ኪሎ፣ በ3 ወደ 81 ኪሎ ይመዝናል፤ አናጺው ይህን ይወቅ።

ጥያቄ፦ ከሲንኩ ጥግ ቀጭን መስመር ወጥቷል። ስንጥቅ ነው ወይስ የድንጋዩ ጅማት? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ጥፍርሽን አሻግረሽ አስሂጂው። ምንም ሳይይዘው ካለፈ ምናልባት ጅማት ነው። ከያዘው ስንጥቅ ነው። በሲንኩ ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ድንጋይ ቀጭን ስለሆነ ስንጥቅ እዚያ ይወዳል፤ አምፖል ልቀይር ብሎ የቆመበት ሰው ይኖራል። ይህን በስልክ አልፈርድም። ከሥሩ ድጋፉን አይቶ የሚሞላ ባለሙያ ጥሪ። እሱ እስኪመጣ ቡናውን ወለል ላይ ውቀጪ።