ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የእንስሳት ሠዓሊዎች ማኅበራችን አባላት፣ የክብር እንግዶቻችን፣ እንደምን አደራችሁ? እንኳን በሰላም መጣችሁ። አዳራሹን በነፃ የሰጠንን ትምህርት ቤት፣ ቡና ያፈሉልንን እህቶቻችንን፣ ከሱሉልታ ድረስ የመጡልንን አባታችንን ከልብ አመሰግናለሁ።

የዓመቱን ሥራ ዝርዝር ጸሐፊያችን ታቀርበዋለች። እኔ በአጭሩ ልበል። አንድ ዐውደ ርዕይ አዘጋጅተናል። ለሕፃናት ሁለት ጊዜ የሥዕል ቀን አድርገናል። ፈቃዳችን ታድሷል። ስድስት ሥዕል ተሸጧል፤ ሦስቱ የውሻ ሥዕሎች ናቸው። «የውሻ ሥዕል ማን ይገዛል?» እየተባልን ለከረምነው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደነሳኝ ነገር ልግባ።

ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለዐውደ ርዕዩ ሥዕል ስንመርጥ ሁለት ሥዕሎች ወደቁ። ሁለቱም የፈረስ እሽቅድምድም ናቸው። ቀለማቸው ያምራል። የተሳሉት ግን ከኢንተርኔት ከወረደ የዱባይ ውድድር ፎቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ጎራ ለየን። አንዱ ወገን «ከፎቶ የሚስል ሠዓሊ አይባልም» አለ። ሌላው «ጊዜው የት ደርሶ እናንተ እርሳስ ይዛችሁ ከጋጣ ጋጣ ትዞራላችሁ» አለ። ቴሌግራም ላይ ዘለፋ ተጀመረ። ሰባት አባላት ከግሩፑ ወጡ።

ከፎቶ የሚስሉት ልጆች ያነሱት ክርክር ግን ባዶ አይደለም። በድሮ ጊዜ ሠዓሊዎች ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ ሲስሉ የፊት እግሮቹን ወደፊት፣ የኋላዎቹን ወደኋላ ዘርግተው ነበር። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዤሪኮ እ.ኤ.አ. በ1821 የሳለው የእንግሊዝ ፈረስ እሽቅድምድም፣ የኤፕሰም ደርቢ፣ ዛሬ ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ያለው፣ እንዲያ ነው። በ1878 ፎቶ አንሺው ማይብሪጅ ካሊፎርኒያ ላይ ካሜራ ደርድሮ ፈረስ ሲጋልብ አነሳ። አራቱም እግር ከመሬት የሚነሳው ሲዘረጋ ሳይሆን ከሆድ ሥር ሲሰበሰብ መሆኑ ያኔ ታየ። ፎቶ ለእኛ ሙያ ትልቅ ውለታ ውሏል። ይህን አልክድም።

የስልካችን ፎቶ ግን ያሳስታል። ቀርበን ስናነሳ ጭንቅላቱ ይገዝፋል፣ ዳሌው ያንሳል። ፈረሱ ጉራቻ ከሆነ ጥላ ያረፈበት ጡንቻ በሙሉ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ዐውደ ርዕዩ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። እኚህ አባታችን፣ የዕድሜያቸውን ግማሽ በባልደራስነት የኖሩት፣ አንድ ሥዕል ፊት ብዙ ቆሙ። ከዚያ «ልጓሙ ተስቧል፤ አፉ ግን አላወቀም። አንገቱም ደገን አላለም። እዚህ ፈረስ ላይ ሰው አልተቀመጠም» አሉ። ጋላቢው እላዩ ላይ ተስሏል እኮ! ያ ሥዕል የእኔ ነው። ቀኑ ደርሶብኝ ከስልኬ ፎቶ ነበር የጨረስኩት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቅዳሜ ተከታትዬ ፈረስ ለማየት ሱሉልታ ሄድኩ። ሣሩ ላይ ገና ውርጭ ነበር። ዳማዋ ባዝራ ስትተነፍስ አፍንጫዋ ይጨሳል። ጋላቢው ልጓሙን ሳብ ሲያደርግ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው አፏ አይደለም፤ ጆሮዋ ነው። አንዱ ጆሮ ወደ ኋላ ዞር ይላል። ቀጥሎ መንጋጋዋ ሥር ያለው ሥጋ እጥፍ ይላል። የጋላቢው ክብደት ወደ ተረከዙ ሲወርድ የእርካቡ ጠፍር ይወጠራል። እኔ 30 ዓመት ፈረስ ስስል ኖሬ ያንን ጆሮ ያየሁት ባለፈው ጥቅምት ነው።

የ18ኛው ክፍለ ዘመን የፈረስ ሠዓሊ ጆርጅ ስተብስ እንግሊዝ ውስጥ፣ ሆርክስቶው በምትባል መንደር፣ 18 ወር ሙሉ የሞቱ ፈረሶችን እየገፈፈ ጡንቻና አጥንታቸውን አንድ በአንድ ሣለ። ለንደን ናሽናል ጋለሪ የተሰቀለው የእሱ ዊስልጃኬት፣ በፈረሱ ስም የተጠራው፣ ቁመቱ ሦስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሥዕል ነው። ከጀርባው ሰማይ የለ፣ ሣር የለ፤ ፈረሱ ብቻ። ሌላው እንግሊዛዊ የፈረስ ሠዓሊ አልፍሬድ መኒንግስ ደግሞ በ20 ዓመቱ ቡችላ በአጥር ላይ ሲያሻግር እሾህ መታውና የቀኝ ዓይኑ ብርሃን ጠፋ። በቀረችው አንድ ዓይን በእንግሊዝ የፈረስ ውድድር ከተማ፣ ኒውማርኬት ሜዳ ላይ እየቆመ የውድድር ፈረሶችንና ጋላቢዎችን ሲስል ኖረ። እኛ ሁለት ሁለት ዓይን ይዘን ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋ መውረድ አቃተን። ከስንት አባል ሱሉልታ የምንገናኘው አራት ሰዎች ነን።

ደግሞም እኛ ንጉሡንም ጀግናውንም በፈረሱ ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ለመልኩ ዳማ፣ ቦራ፣ ጉራቻ፣ አምባላይ እንላለን። ለአካሄዱ ሶምሶማ፣ ደንገላሳ፣ ሽምጥ። የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ሲወጡ ያየ ሰው የዱባይ ፎቶ ምን ያደርግለታል? ባለፈው ጥር ከእኛ መሃል የሄደው አንድ ልጅ ብቻ ነው። በራሱ ገንዘብ።

ገንዘብ የለም ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። የሸራና የዘይት ቀለም ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ግን መዋጮ የከፈለው ከግማሻችን በታች ነው። ወደ ሱሉልታ ሚኒባስ ኮንትራት መያዝ ያቆምነውም ለዚህ ነው። እባካችሁ ዛሬ ሳትከፍሉ አትውጡ።

አሁን እዚህ ላልተገኛችሁት ልናገር። ንግግሩ ግሩፑ ላይ ይለቀቃል፤ ከግሩፑ የወጣችሁትም ከጓደኛ ታገኙታላችሁ። ሥዕሎቹ በመውደቃቸው አልጸጸትም። ፎቶው የሌላ ሰው ሥራ ነው። በሰው ፊት የተናገርኳችሁ ግን ከልክ ያለፈ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ።

አንተ ደግሞ፣ ስምህን አልጠራም፣ ታውቀዋለህ። ከመሃላችን እንዳንተ ያለ ፈጣን እጅ የለም። የሚሮጥ ውሻ በአራት መስመር ስታወጣ አይቻለሁ። ወረቀቱ ዛሬም ቤቴ ግድግዳ ላይ ነው። «ጋጣ መሄድ ለጀማሪ ነው» ብለሃል አሉ። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው። ና፣ አብረን እንሳልና እዚያው እንከራከር።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከአዲሱ ገበያ እንነሳለን። የዚህን ወር ሚኒባስ እኔ ከፍያለሁ። እርሳስ፣ ወረቀትና ጋቢ ያዙ። ዳማዋ ባዝራ በዚህ ወር ትወልዳለች ብለውኛል አባታችን። ውርንጭላ ተወልዶ አንድ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ይቆማል፤ ስለዚህ ሌሊትም ቢሆን ስልክ ሲደወል አንሱ። ላንተም እደውላለሁ።