ዓይነ ስውር ሆኖ ከዊንዶውስ ወደ ማክ ወይም ሊኑክስ መሻገር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራው ኮምፒውተርን በጆሮው ለሚጠቀም ሰው ነው። ለዓመታት የለመድነውን ዊንዶውስ ትተን ወደ ማክ ወይም ወደ ሊኑክስ ስንሄድ ምን ይገጥመናል? በዚህ ቪዲዮ ላይ «እዚህ ጋ ተጫኑ፣ ይቺን እዩ» የሚባል ነገር የለም። የምጫነውን ቁልፍ ሁሉ በስሙ እጠራዋለሁ።

ጉዳዩ አሁን የተነሳው በምክንያት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ያገኘው ላፕቶፕ ላይ ሁሉ አይገባም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነም በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ መሆን አለበት። ያገለገለ ላፕቶፕ ይዞ ለሚሠራ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አንዱን ጓደኛው «ሊኑክስ ጫንበት፣ ነጻ ነው» ይለዋል። ሌላዋን አሜሪካ ያለች እህቷ ማክቡክ ትልክላታለች። ስጦታው ደስ ይላል። ግን ሳጥኑ ተከፍቶ፣ ኮምፒውተሩ በርቶ፣ ዝም ቢልስ?

የሚያይ ሰው ሲስተም ሲቀይር የለመደው ነገር ቦታው ይጠፋበታል። ትንሽ ይፈላልጋል፣ ያገኘዋል። እኛ ጋ ግን በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ነው የሚቀየረው፤ ኮምፒውተሩም ይቀየራል፣ እሱን የሚያነብልን ስክሪን ሪደርም ይቀየራል። በዚያ ላይ ጣታችን የለመደው አቋራጭ ሁሉ ሌላ ነገር መሥራት ይጀምራል። እንደኔ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ድሮው የሚመለሰው አዲሱ ሲስተም መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ሁሉንም በአንድ ቀን ስለቀየረ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው፦ የምትችሉትን ያህል ገና ድሮው ኮምፒውተር ላይ እያላችሁ ቀይሩ።

ከሁሉ በፊት ግን ድምፅ። አዲስ ኮምፒውተር እጃችሁ ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «ያለ ማንም እርዳታ ይናገራል ወይ?» ነው። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ የዊንዶውስ ቁልፍ እና ኢንተር አንድ ላይ ሲጫኑ ናሬተር የሚባለው የዊንዶውስ ስክሪን ሪደር ይነሳል። ማክ ላይ ኮማንድ እና ኤፍ5 ነው፤ አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ኤፍኤን የሚለውም አብሮ ይጫናል። ይሄ ገና ከካርቶን የወጣ ማክ ላይም ይሠራል፤ ቋንቋና ስም የሚጠይቀው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጭምር። ሊኑክስ ኡቡንቱ ላይ ኦልት፣ የዊንዶውስ ቁልፍ እና ኤስ ነው፤ ኦርካ የሚባለው ስክሪን ሪደር ይነሳል።

(የኪቦርድ ድምፅ። ኦርካ ሲነሳ ይሰማል።)

ዛሬ ይሄን ሁሉ በነጻ ማግኘታችንን ቀላል አድርገን ማየት የለብንም። ጆውስ የሚባለውን ስክሪን ሪደር ለመግዛት የሚከፈለውን የሚያውቅ ያውቀዋል። አፕል ቮይስኦቨር የሚባለውን ስክሪን ሪደር ማክ ውስጥ አብሮ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ማይክል ከራን እና ጄምስ ቴህ የሚባሉ ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን ደግሞ በ2006 ኤንቪዲኤ የሚባለውን የዊንዶውስ ስክሪን ሪደር ጀመሩ፤ ነጻ ሆኖ፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ሆኖ። እዚህ አገር ኮምፒውተር የለመድን ስንቶቻችን በኤንቪዲኤ እንደጀመርን አስቡት።

እንግዲህ ድሮው ላይ እያላችሁ ልትቀይሩ የምትችሉት የመጀመሪያው ነገር ጣታችሁ ነው። ኤንቪዲኤ ላይ አብዛኞቻችን የምንጠቀመው ኢንሰርት ቁልፍን ነው። ማክ ላይ ኢንሰርት የለም። ግን ኤንቪዲኤ ካፕስ ሎክንም ይቀበላል። ሴቲንግ ውስጥ ኪቦርድ የሚለው ክፍል ገብታችሁ ካፕስ ሎክን ምረጡ፣ የኪቦርዱንም አቀማመጥ ላፕቶፕ አድርጉት። ምክንያቱም ቮይስኦቨርም ካፕስ ሎክን እንደ ዋና ቁልፉ ይቀበላል። ኦርካም የላፕቶፕ አቀማመጡ ላይ ካፕስ ሎክን ነው የሚጠቀመው። አንድ ቁልፍ ለሦስቱም! በላፕቶፕ አቀማመጥ ኤንቪዲኤ ላይ ካፕስ ሎክ እና ኤ ስትጫኑ ካላችሁበት እስከ መጨረሻው ያነባል። ማክ ላይም ካፕስ ሎክ እና ኤ ያነባል። ጣታችሁ ይሄን ለምዶ ከሄደ ግማሹ ድንጋጤ ቀረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ፕሮግራሞቹ ናቸው። ወደ ሊኑክስ የምትሄዱ ከሆነ እዚያ የሚጠብቃችሁ ፋየርፎክስ እና ሊብሬኦፊስ ነው። ሁለቱም ዊንዶውስ ላይ አሉ፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ታዲያ ለምን እዚያ እስክትደርሱ ትጠብቃላችሁ? አሁኑኑ ዊንዶውስ ላይ ጫኗቸው። በምታውቁት ኤንቪዲኤ ተለማመዷቸው። ደብዳቤያችሁን በሊብሬኦፊስ ጻፉ፣ ባንክም ሆነ ኢሜይል በፋየርፎክስ ክፈቱ። ያኔ ሊኑክስ ስትገቡ አዲስ የሚሆንባችሁ ስክሪን ሪደሩ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ብዙ አይከብድም፤ ድረ ገጽ ላይ ኤች ስትጫኑ ወደሚቀጥለው ርዕስ መዝለል ኦርካ ላይም ያው ነው።

አሁን ወደ ማክ እንምጣ። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላውራ።

አንድ ፋይል እንክፈት። ፎልደር ውስጥ ናችሁ፣ በቀስት ወርዳችሁ ፋይሉ ላይ ደርሳችኋል። ቮይስኦቨር ስሙን አነበበላችሁ። በልማድ ኢንተር ትጫናላችሁ፤ ማክ ላይ ሪተርን ይባላል።

(የቁልፍ ድምፅ። ቮይስኦቨር ስሙን ደግሞ ያነባል።)

ሰማችሁ? ስሙን ደገመው እንጂ ፋይሉን አልከፈተም። ማክ ላይ ሪተርን የፋይል ስም መቀየሪያ ነው። የማያውቅ ሰው ፋይሉ የተከፈተ መስሎት መጻፍ ይጀምራል። የጻፈው ሁሉ በፋይሉ ስም ላይ ይጻፋል። የደመወዝ ዝርዝር የነበረው ፋይል በአንድ አፍታ ስሙ ይጠፋል፣ በኋላም ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው። እንዲህ ከሆነባችሁ ሌላ ነገር ሳትነኩ ኤስኬፕ ተጫኑ፤ የድሮው ስም ይመለሳል። ፋይል የሚከፈተው በኮማንድ እና ኦ ነው፣ ወይም በኮማንድ እና የታች ቀስት።

ሌላው መዝጋት ነው። ዊንዶውስ ላይ ብዙ ጊዜ መስኮቱን ስትዘጉ ፕሮግራሙም አብሮ ይዘጋል። ማክ ላይ ኮማንድ እና ደብልዩ መስኮቱን ይዘጋል፣ ፕሮግራሙ ግን እንደበራ ይቆያል። ለምሳሌ ሳፋሪን፣ የማክን ብሮውዘር፣ እንዲህ ስትዘጉ ቮይስኦቨር «ሳፋሪ ምንም መስኮት የለውም» ብሎ ይነግራችኋል። የሰማ ሰው ኮምፒውተሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ምንም አልተበላሸም። ፕሮግራሙን ጨርሶ መዝጋት ከፈለጋችሁ ኮማንድ እና ኪው ነው።

ከሁሉ የሚለየው ግን የስክሪኑ አቀማመጥ ነው። ኤንቪዲኤ አንድን ድረ ገጽ ከላይ እስከ ታች እንደ አንድ ረጅም ጽሑፍ አድርጎ ይዘረጋላችኋል፤ እናንተ በቀስት ትወርዳላችሁ። ቮይስኦቨር ግን ነገሮችን ሳጥን ውስጥ ሳጥን አድርጎ ነው የሚያየው። የመልእክቶች ዝርዝር አንድ ሳጥን ነው። ውስጡ ያለውን ለመስማት መግባት አለባችሁ፤ ካፕስ ሎክ፣ ሺፍት እና የታች ቀስት። ለመውጣት ካፕስ ሎክ፣ ሺፍት እና የላይ ቀስት። አዲስ ሰው ብዙ ጊዜ ሳጥኑን አልፎት ይሄድና «ኢሜይሌ ባዶ ነው» ይላል። ኢሜይሉ አለ፤ አልገባበትም እንጂ። «የት ነው ያለሁት?» ብላችሁ ግራ ስትጋቡ ጥያቄው «ምን ውስጥ ነኝ?» ቢሆን ይሻላል። ካልገባችሁ ሁለት ሦስቴ ውጡና እንደገና ግቡ።

ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ካፕስ ሎክ እና ዩ ተጫኑ። የርዕሶች፣ የሊንኮች፣ የቅጽ መሙያዎች ዝርዝር ይመጣል፤ በግራና ቀኝ ቀስት ከአንዱ ዝርዝር ወደ ሌላው ትሄዳላችሁ። ኤንቪዲኤ ላይ በኤንቪዲኤ ቁልፍ እና በኤፍ7 የለመዳችሁት ዓይነት ነገር ነው። ቁልፍ መለማመድ ከፈለጋችሁም ካፕስ ሎክ እና ኬ አለ። ከዚያ በኋላ የነካችሁት ሁሉ ስሙንና ሥራውን ይነግራችኋል እንጂ ምንም አያደርግም። ለመውጣት ኤስኬፕ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ቡና እየጠጣችሁ እሱን ብቻ ብትነካኩት እንኳን አትከስሩም።

ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። ሥራችሁ ቀኑን ሙሉ ወርድ እና ኤክሴል ከሆነ፣ በተለይ ትልልቅ ሠንጠረዥ ላይ የምትሠሩ ከሆነ፣ ከኤንቪዲኤ ወይም ከጆውስ ጋር ዊንዶውስ ላይ መቆየቱ ይሻላል እላለሁ። ማክ ላይ ይሠራል፣ ግን እንደ ዊንዶውሱ አይፈስም። ሌላም አለ። ቮይስኦቨር የሲስተሙ አካል ስለሆነ ችግር ሲኖርበት የሚታረመው አፕል ሲስተሙን ሲያድስ ነው። ኤንቪዲኤ ግን ለብቻው በዓመት ብዙ ጊዜ ይታደሳል። በአንጻሩ ሙዚቃ ለሚቀርጽ፣ ድምፅ ለሚያቀናብር፣ ወይም አይፎን ለለመደ ሰው ማክ በጣም ይስማማል።

ሊኑክስን ለመሞከር ኮምፒውተሩን መቀየር አያስፈልግም። ፍላሽ ላይ ተጭኖ፣ ሐርድ ዲስኩን ሳይነካ ይነሳል። ኦልት፣ ዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኤስ፤ ከተናገረ የድምፅ ካርዱ ሠርቷል ማለት ነው። ዋይፋዩን ሞክሩ፣ ካልወደዳችሁት ፍላሹን ነቅላችሁ ወደ ዊንዶውሳችሁ ተመለሱ። ዴቢያን የሚባለው ሊኑክስ ደግሞ ራሱ መጫኛው ይናገራል፤ የመጀመሪያው ምርጫ ገጽ ላይ የእንግሊዝኛውን ኤስ ከዚያ ኢንተር መጫን ብቻ ነው። አንድ እንቅፋት ግን አለ። ኮምፒውተሩ ከፍላሽ እንዲነሳ የሚታዘዝበት ባዮስ የሚባለው ገጽ አይናገርም። እዚያ ጋ ለአምስት ደቂቃ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። አጠገባችሁ ሰው ከሌለ ቢ ማይ አይዝ የሚባለው የስልክ አፕ አለ፤ በቪዲዮ ትደውላላችሁ፣ በጎ ፈቃደኛው ስክሪኑን ያነብላችኋል።

አሁን ደግሞ የራሳችን የሆነ ጉዳይ፤ አማርኛ። ኤንቪዲኤ ውስጥ አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የሚባል ድምፅ አማርኛ ያነባል። ድምፁ የሮቦት ነው፣ አንዳንድ ቃል ላይ ይሰናከላል፣ ግን ያነባል። ሊኑክስ ላይም ኦርካ ይሄንኑ ድምፅ መጠቀም ይችላል፤ የለመደው ጆሮ እዚያም አይቸገርም። ወደ ማክ ስትሄዱ ግን ዘመዳችሁ ብሩን ከመክፈሉ በፊት አንድ ነገር ለምኑት። ሱቅ ገብቶ የቮይስኦቨር የድምፆች ዝርዝር ውስጥ አማርኛ መኖር አለመኖሩን ይይልን፤ ካለም በስልክ ያሰማችሁ። ፊደሉን የማያውቅ ድምፅ ብዙ ጊዜ አማርኛውን ዝም ብሎ ይዘለዋል። አምስት አንቀጽ ያለው ደብዳቤ ባዶ ወረቀት ይሆንባችኋል። የብሬይል ማሳያ ላላችሁ ደግሞ ኤንቪዲኤ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የብሬይል ሠንጠረዥ አለ። አዲሱ ሲስተም ላይም መኖሩን ቀድማችሁ አስፈትሹ።

የድሮ ሰነድ ያላችሁ ሰዎች በተለይ ይሄን ስሙኝ። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በጋራ የሚለዩበት ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት በየቢሮው ሲጻፍ የነበረው ግን በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ነው። እነዚያ ፎንቶች ለዓይን አማርኛ ያሳያሉ፤ ከስር ያለው ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው። ስክሪን ሪደር የሚያነበው ከስር ያለውን ነው። ለዚህ ነው አንዳንድ የአማርኛ ሰነድ ስትከፍቱ የተምታታ የእንግሊዝኛ ድምፅ የምትሰሙት። ይሄ አዲስ ኮምፒውተር ስለገዛችሁ አይስተካከልም። እንዲህ ያሉ ፋይሎች ካሏችሁ ዊንዶውሱ ሳይጠፋ፣ ከሚያይ ሰው ጋር ሆናችሁ፣ ወደ ዩኒኮድ አስቀይሯቸው። ዲግሪያችሁ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤያችሁ ይቅደሙ።

የይለፍ ቃሎቻችሁንም አሁኑኑ አውጡ። ብሮውዘሩ ስላስታወሰላችሁ ብቻ የምትገቡባቸው ገጾች ካሉ አዲሱ ኮምፒውተር አያውቃቸውም። ወደ ስልክ ኮድ የሚልኩ ከሆነም የተመዘገበው ቁጥር ዛሬም በእጃችሁ ያለው መሆኑን አረጋግጡ።

ድሮውን ላፕቶፕ ለታናሽ ወንድም ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ሥራ ይቀራችኋል። ኤንቪዲኤን ክፈቱና መሣሪያዎች ከሚለው ሜኑ ፖርታብል ቅጂ ፍላሽ ላይ ፍጠሩ። ማክ ወይም ሊኑክስ ከለመዳችሁ በኋላም ቢሆን ኢንተርኔት ቤት፣ የሥራ ፈተና ላይ፣ ሰው ቤት ዊንዶውስ ያጋጥማችኋል። ፍላሹን ስትሰኩና ፋይሉን ስትከፍቱ ይናገራል፤ ምንም መጫን አያስፈልግም። የይለፍ ቃል የሚጠይቀው የመግቢያ ገጽና የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚጠይቀው መስኮት ላይ ግን ፖርታብሉ ዝም ይላል። እነሱ ላይ ኮንትሮል፣ ዊንዶውስ ቁልፍ እና ኢንተር ተጭናችሁ ናሬተርን አስነሱ።