ትርፍ ሜዳ፣ ትርፍ ሌሊት

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በታዳጊዎች ቅርጫት ኳስ ቡድን የወላጆች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አሰልጣኞቻችን፣ እንዲሁም ከኋላ ተቀምጣችሁ ስልካችሁን የምትነካኩ ልጆቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ኮሚቴው አሥር ደቂቃ ሰጥቶኛል። እኔ ደግሞ የታክሲ ሾፌር ነኝና በሰዓት መጫወት አልወድም። የሚያከራክረን ጉዳይ አጭር ነው። ልጆቻችን በሚቀጥለው ወር ለውድድር ወደ ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ጨዋታ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ከእኛ ግማሹ «ዓርብ እኩለ ሌሊት ተነስተን፣ ሌሊቱን ነድተን እንደርሳለን፤ የአንድ ሌሊት የሆቴል ሂሳብ ይተርፈናል» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ዓርብ ቀትር ላይ እንውጣ» ይላል። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ለምን እንደሆነ ለመናገር ግን አንድ አውሮፕላን ጋር ደርሼ ልመለስ።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 8 ቀን 2017 ረቡዕ ነበር። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን፣ ቢግ ቴን ለሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ የዋንጫ ውድድር ወደ እኛው ከተማ ወደ ዋሽንግተን ሊመጣ፣ ኢፕሲላንቲ በሚገኘው የዊሎው ራን አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፈረ። በማግስቱ ቀትር ላይ ከኢሊኖይ ጋር ጨዋታ ነበረው። አውሮፕላኑ ውስጥ 116 ሰው አለ፤ ተጫዋቾች፣ አሰልጣኞች፣ የሙዚቃ ጓዱ፣ ቤተሰቦች። በዚያ ቀን ሚሺጋን ላይ የነፈሰው ነፋስ እንዲህ በቀላሉ የሚረሳ አይደለም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች መብራት አጡ። በአውሮፕላን ማረፊያው የመቆጣጠሪያ ማማ ላይ የነበሩት ሠራተኞች እንኳ ነፋሱን ሸሽተው ወርደው ነበር።

አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ላይ ተንደረደረ። አብራሪዎች አንድ የውሳኔ ፍጥነት አላቸው። ከዚያ በታች ሳሉ ችግር ከገጠማቸው ያቆማሉ፤ ያንን ካለፉ በኋላ ግን የቀረው መንገድ ለማቆም አይበቃምና ይነሳሉ። በስልጠና ለዓመታት እየተደጋገመ አጥንታቸው ውስጥ የሚገባ ሕግ ነው። ዋናው አብራሪ ይህን ፍጥነት አለፈ። መሪውን ወደ ራሱ ሳበ። የአውሮፕላኑ አፍንጫ አልተነሳም። አጥብቆ ሳበ፤ አሁንም አልተነሳም። ይሄኔ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ «እናቁም» አለ። ሕጉ አትቁም በሚልበት ቦታ ላይ ነው ቁም ያለው። አውሮፕላኑ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ እየሮጠ ነበርና ማኮብኮቢያው አልበቃውም፤ ጨርሶት ወጣ፣ አጥሩን ጥሶ ሄደ፣ ከማኮብኮቢያው ጫፍ 350 ሜትር ያህል ርቆ ሣር ላይ ቆመ። ሁሉም በድንገተኛ መውጫ ተንሸራተው ወረዱ። ከ116ቱ ሰዎች ቀላል ጉዳት የደረሰበት አንድ ብቻ ነበር።

የቀረውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቡድኑ ያንን ሌሊት እዚያው አድሮ ሐሙስ ጠዋት በሌላ አውሮፕላን መጣ። ዕቃው አደጋው የደረሰበት አውሮፕላን ውስጥ ስለቀረ በልምምድ ማሊያ ነው ሜዳ የገባው። ጨዋታው የዘገየው በጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ኢሊኖይን 75 ለ 55 አሸነፉ። ዓርብ በደረጃ አንደኛ ሆኖ ወደ ውድድሩ የገባውን ፐርዱን በጭማሪ ሰዓት፣ ቅዳሜ ሚኒሶታን፣ እሑድ በፍጻሜው ዊስኮንሲንን 71 ለ 56 ረቱ። ስምንተኛ ሆኖ የገባ ቡድን ያንን ዋንጫ ሲወስድ የመጀመሪያው ነበር። እኔ በዚያ ሰሞን ቻይናታውን፣ ሰባተኛ መንገድ ላይ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ሰልፍ ይዤ፣ ሰማያዊና ቢጫ የለበሱ ሰዎችን አመላልስ ነበር። ሁሉም የሚያወራው ስለ ልጆቹ ልብ ነበር። «እንዲህ ያለ ወኔ!» ይሉኛል። አንዱ ተሳፋሪማ አልቅሶ ጉርሻ ሳይሰጠኝ ወረደ።

ወኔያቸውን አልክድም። ነገር ግን እንደ ሾፌር የማስበው ሌላ ነገር ነው።

የብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ መርማሪዎች ያንን አውሮፕላን ፈታተው ሲመረምሩ ያገኙት እንዲህ ነው። አውሮፕላኑ ከጉዞው በፊት ሁለት ቀን ያህል ውጭ ቆሞ ነበር። ነፋሱ በአጠገቡ ባለው ትልቅ ህንጻ እየተመታና እየተጠማዘዘ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ የሚያነሳውን የጅራቱን ክፍል አንዱን ጎን ወደ ታች ገፍቶ ቆልፎታል። ሾፌሮች ሆይ፣ ይህችን ስሙኝ፤ በዚያ ዓይነት አውሮፕላን አብራሪው መሪውን ሲስብ በቀጥታ የሚንቀሳቀሰው ትልቁ ክፍል አይደለም። ጠርዙ ላይ ያለች ትንሽ ክፍል ናት የምትንቀሳቀሰው። አውሮፕላኑ ሲሮጥ እሷ ነፋሱን ይዛ ትልቁን ታዞረዋለች። ስለዚህ ቆሞ ሳለ መሪው ቢሞከር ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ጎማውን ረግጠህ፣ ዘይቱን አይተህ፣ መብራቱን ሞክረህ፣ የተበላሸው ነገር ግን መንገድ ላይ ካልሆነ የማይታወቅ ሲሆን ማለት ነው። ያ አብራሪ ጥንቃቄ አላጎደለም። የሚፈተሸውን ፈትሾ ነበር።

ታዲያ ምን አዳናቸው? መርማሪዎቹ ሦስት ነገር ጽፈዋል። አንደኛው የዋናው አብራሪ ውሳኔ ነው።

ሁለተኛው እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ነው። አብራሪው በሌሎች አውሮፕላኖች ብዙ የበረረ ቢሆንም ለዚህኛው ዓይነት ገና በስልጠና ላይ ነበር። ከጎኑ የተቀመጠው አሰልጣኙ ነው፤ በሥልጣን ይበልጠዋል። ተማሪው ከሕጉ ውጭ «እናቁም» ሲል፣ መምህሩ መሪውን ሊነጥቀው ይችል ነበር። አልነጠቀውም። ቁም ከተባለ በኋላ የሚሠራውን ሥራ አብሮት ሠራ። ሁለት ሰው በአንድ መሪ ቢታገል ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አልፈልግም።

ሦስተኛው ሣሩ ነው። ከማኮብኮቢያው ጫፍ ባሻገር ምንም የማይሠራበት፣ ደረጃውን ጠብቆ ባዶ የተተወ ሜዳ ነበር። ለዓመታት ማንም አልተጠቀመበትም። አንድ ነጋዴ ቢያየው «ይህ ሁሉ መሬት ጦሙን ያድራል?» ይል ነበር። ያ ሜዳ ባይኖር ውሳኔውም ትብብሩም የት ይደርስ ነበር?

ትርፍ የሚለው ቃላችን ይገርመኛል። ለነጋዴ ትርፍ ደስታ ነው። ለአዲስ አበባ ታክሲ ተሳፋሪ ግን ትርፍ ማለት ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኖ የሚጨመር ሰው ነው። እኔም ልጅ እያለሁ ከመርካቶ ሳሪስ በትርፍነት ስንት ጊዜ ተጉዣለሁ። አንድ ቦታ አትርፎ ሌላ ቦታ ማጉደል እዚያ ነው የተማርነው። አሁንም የምንከራከረው ስለዚሁ ይመስለኛል፤ የሆቴሉን ገንዘብ እናተርፋለን፣ ሌሊቱን ግን እናጎድላለን።

የሚሺጋን ቡድን ለሐሙስ ጨዋታ የተነሳው ረቡዕ መሆኑን ልብ በሉ። ያ አደጋ የደረሰው ሐሙስ ጠዋት ቢሆን ኖሮ ጨዋታው የለም፣ ዋንጫው የለም፣ የእኔም ተሳፋሪ አያለቅስም። መንገዱ ዳር ትርፍ ሜዳ እንደነበረ ሁሉ፣ በጊዜ ሰሌዳቸውም ላይ አንድ ትርፍ ሌሊት ነበራቸው።

ባለፈው ስብሰባ አንድ ወንድማችን የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲን ቡድን አንስቶ ሞግቶኝ ነበር። እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2008 አትላንታ ውስጥ የእነሱ ሊግ ውድድር የሚካሄድበትን አዳራሽ ዓርብ ማታ አውሎ ነፋስ መታው። ጆርጂያ ጨዋታው ወደ ሌላ ሜዳ ተዛውሮለት ቅዳሜ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተጫውቶ ሁለቱንም አሸነፈ፣ እሑድ ዋንጫውን ወሰደ። «ልጅ ድካም ይችላል» አለኝ ወንድማችን። ይችላል። እነዚያ ልጆች ግን ያንን ሌሊት በመኪና ወንበር ላይ ተጣጥፈው አላደሩም፤ ደግሞም እኔን ያሳሰበኝ የልጆቹ እግር ሳይሆን የሾፌሩ ዓይን ነው።

ልጆቹ ይህን ቢሰሙ አይከፋኝምና ስለ ኢቫንስቪልም ልናገር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 13 ቀን 1977 የኢቫንስቪል ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ ኢንዲያና ውስጥ፣ ለጨዋታ ወደ ቴነሲ ሊበር አውሮፕላኑን ይጠብቃል። በአየሩ መክፋት ምክንያት አውሮፕላኑ ሦስት ሰዓት ያህል ዘግይቶ መጣ። ተሳፈሩ፣ ተነሱ፣ ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወደቁ። የተሳፈሩት 29 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። ነፋስ እንዳያንቀሳቅሳቸው በጅራቱና በቀኝ ክንፉ ላይ የሚደረጉት ማሰሪያዎች ሳይነሱ ነበር የተነሳው፤ ጭነቱም በትክክል አልተከፋፈለም ነበር። ምክንያቱ ችኮላ ነው አልልም። ከሦስት ሰዓት መዘግየት በኋላ ሰው ምን እንደሚሰማው ግን አውቃለሁ፤ እናንተም ታውቃላችሁ። እናቶቻችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ፤ አንዳንዱ የፈሰሰ ግን አይለቀምም።

አሁን የራሴን። በወጣትነቴ፣ እዚህ አገር በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣ የእግር ኳስ ቡድናችንን በቫን ይዤ ለኢትዮጵያውያን ውድድር ወደ አትላንታ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ሠርቼ ማታ ነው መሪ የያዝኩት። አሥር ሰዓት የሚፈጅ መንገድ ነው። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ የተቀረጸው ሸካራ አስፋልት ከጎማዬ ሥር ጮኸ። ዓይኔን ስገልጥ ግማሹ ቫን ከመንገዱ ወጥቷል። እዚያ ቦታ ላይ ገደል አልነበረም፤ ድልድይ አልነበረም፤ ሣር ነበር። ከኋላ ያሉት አሥራ አንዱ እንቅልፍ ላይ ነበሩ። አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ብቻ አየ። ለብዙ ዓመት በየሠርጉ እንደ ቀልድ ስናወራው ኖርን። የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ ነው መሳቅ ያቆምኩት።

ወደ ኮለምበስ የሚወስደው መንገድ ደግሞ የአትላንታው ዓይነት ሜዳ አይደለም። ስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ነው፤ ምዕራብ ሜሪላንድን በተራራው አቋርጠን ነው የምንሄደው። ፍሮስትበርግ አካባቢ ጭጋጉ ሲወርድ የራስን መኪና አፍንጫ ማየት ያስቸግራል። በመጋቢት በረዶ መጣል ያልተጠበቀ ነገር አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ጃኬት አውልቀን ወጥተን ጋሬት ካውንቲ ላይ ክረምት ሊቀበለን ይችላል።

ዓርብ ቀትር ላይ ከወጣን፣ ተራራውን በብርሃን እናልፋለን። በረዶ ቢዘጋን፣ ከምበርላንድ ላይ ቡና ጠጥተን እንጠብቃለን። ቫኑ ቢበላሽ፣ ሌላ ለመፈለግ አሥራ ሁለት ሰዓት አለን። እኩለ ሌሊት ከወጣን ግን የሚተርፈን የሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ያም ሁሉ ነገር ከሰመረ።

ዋጋውን አልሸሽገውም። ለአንድ ቤተሰብ የአንድ ሌሊት ሆቴል ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከመካከላችን ዓርብ ሥራ ቀርታ ደመወዝ የምታጣ እናት አለች፤ የሆስፒታል ተረኛ ናት፣ ተረኛ ደግሞ መቀየሪያ አታገኝም። ልጆቹ ግማሽ ቀን ትምህርት ይቀርባቸዋል። ስለዚህ ሁሉም ወላጅ አብሮ ይሂድ አልልም። መሄድ የማይችል ወላጅ ልጁን ይስጠን፤ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ልጅ ያድራል፤ ቁርሱን ከዚህ ይዘን እንሄዳለን። ዱለት አልልም፤ ዳቦ በማር ይበቃል። የጎደለውን ኮሚቴው ከገንዘብ ማሰባሰቢያው ይሸፍነዋል፤ ገንዘብ ያዣችንን ጠይቄያለሁ፣ ተቃቅፋም ባይሆን ተስማምታለች።

አንድ ነገር ግን በገንዘብ አይደለም የምጠይቃችሁ። በእያንዳንዱ ቫን ሁለት ሾፌር ይኖራል። ከሁለቱ አንዱ «ደክሞኛል» ወይም «ይህ መንገድ አላማረኝም» ካለ ቫኑ ይቆማል። ሁለተኛው አይከራከርም። ከኋላ የተቀመጠ ወላጅም፣ በዕድሜ ቢበልጥ፣ ባለ ሥልጣን ቢሆን፣ ጋሼ ቢባል፣ «አይ አንተ ደግሞ፣ ትንሽ ቀረን» አይልም። እኛ ቤት ታናሽ ታላቁን «ቁም» ማለት ይከብደዋል። በዚያ ቀን ግን ታናሹ ሾፌር የእኔ ልጅ ነው፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ እኔንም ቁም ቢለኝ እቆማለሁ። እዚህ ፊታችሁ ነው የምናገረው፣ እሱም እየሰማ ነው።

ጨዋታው ቢያመልጠንስ? ያመልጠን። አሰልጣኛችን ፊቱን አጠቆረብኝ፤ ይቅርታ። ተሸንፎ ለመመለስም መመለስ ያስፈልጋል።

ከቡናው ጠረጴዛ አጠገብ ሁለት ወረቀት አለ። አንደኛው ዓርብ ቀትር ለሚሄዱ ልጆች ስም መመዝገቢያ ነው። ሁለተኛው ለሾፌሮች ነው፤ መንጃ ፈቃዳችሁንና ዓርብ ከማለዳ ጀምሮ ሥራ እንደማትገቡ ጻፉልኝ። እስካሁን አምስት ሾፌር አለኝ፤ ስድስት ያስፈልገኛል።